ለቅሶ ቤት ሳለን በፎርፌ ለሸኙን ለክቡር አቶ መኮንን

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ሐምሌ ፲ ቀን ፳፻ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ መኮንን፣
የዴንቨርና የኦሮራ የሰመር ዋንጫ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ የፕሮግራም ክፍል ኃላፊ፣ ዋና ዳኛ እና የአራቱ የማዕዘን ባንዲራዎች ብቸኛ ጠባቂ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደም ግፊትዎስ? ሰዓትዎስ? የእኛ ጤና ቢጓደል የሚጎዳው አንድ ቤት ነው፤ የእርስዎ ሰዓት አንድ ደቂቃ ብትዛነፍ ግን ስድስት ቡድን ይታመማልና፣ በደህና እየሠራች እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔን ያውቁኛል። ለማያውቀኝ አንባቢ ግን ራሴን ላስተዋውቅ፤ ስለ ራሴ ለመጻፍ ይህን ያህል ዓመት ጠብቄያለሁና አይፈረድብኝም። ወልደየስ እባላለሁ። የቻምበርስ ሮድ ቡድን መሪ፣ አሰልጣኝ፣ ሹፌርና ውኃ አቀባይ ነኝ። ዳውንታውን ዴንቨር ባለ ሰባት ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ አንዲት ጭረት አላስነካሁም። በሃምሳ ሦስት ዓመቴም ባለፈው ግንቦት ከወይዘሮ ስንዱ የምሽት ፊደል ክፍል ተመርቄያለሁ። ከአሥራ አራታችን አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ስንዱ ደረጃ አልሰጡም፤ ግን ነገሩ ይታወቃል። ይህ ደብዳቤ በዕድሜዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ሌላው ሰው የመጀመሪያውን ለእናቱ ወይም ለሚስቱ ይጽፋል፤ የእኔ ለእርስዎ ደረሰና እንኳን ደስ አለዎ። በወይዘሮ አበዛሽ ሱቅ በር ላይ ከእርስዎ ወረቀት ጎን የሚለጠፈውም፣ ሁለቱን ያነበበ ሁሉ እንዲያመዛዝን ነው።

ቅሬታዬን በግዕዝ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እስከ መቶ ስለምችል ብዛቱ አያስፈራኝም።

፩. በቅድሚያ ኦሽንያን ስላስተዋወቁን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሌላው ሕዝብ ውድድር ሲያዘጋጅ ደንቡን ከአውሮፓ ወይም ከአፍሪካ ይቀዳል፤ እርስዎ ግን ያለን ስድስት ቡድን ብቻ ነው ብለው፣ ስድስት ክለብ ያለውን ውድድር ሲፈልጉ ዓለምን ዞረው ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል አገኙት። የኦሽንያ ክለቦች ሻምፒዮና። ሁለት ምድብ፣ በየምድቡ ሦስት ክለብ፣ ጨዋታው ደርሶ መልስ፣ ከየምድቡ አንደኛ የወጣው ብቻ በቀጥታ ለፍጻሜ። ግማሽ ፍጻሜ የለም፤ ሁለተኛ የወጣ እና ሦስተኛ የወጣ አብረው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይህንኑ በሁለት ገጽ አትመው አደሉን። አልበቃ ብሎዎትም በዕጣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ የኦሽንያ ክለብ ወንድም ቡድን አድርገው ሰጡን፤ ለእኛም የታሂቲው ማኑ ኡራ ደረሰን። ታሂቲ የሰው ስም ይሁን የመኪና ስም የማላውቀው ሰውዬ፣ ልጄን ሊዲን ላይብረሪ ወስጄ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጬ የምድቡን ሰንጠረዥ አስነበብኳት። ከዚያ ምድብ የሰለሞን ደሴቶቹ ኮሳ ለፍጻሜ አልፎ የእኛዎቹ መቅረታቸውን ስሰማ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ጠቁሮ ዋለ። አንድ መኪናውን የሚተውልኝ ፈረንጅ ፊቴን አይቶ፣ ማን እንደሞተብኝ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አጽናንቶኝ ሄደ። ያ ሰውዬ የምንም ኮሚቴ አባል አይመስለኝም።

፪. ደርሶ መልሱንም አልረሳሁትም። ስድስታችንም የምንጫወተው በአንድ ፓርክ፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ መረብ ሆኖ ሳለ፣ እንግዳ የተባለው ቡድን መኪናውን ሩቁ ፓርኪንግ አቁሞ ሣሩን አቋርጦ እንዲመጣ ማዘዝዎ ለኦሽንያ ያለዎትን ታማኝነት ያሳያል። ውቅያኖስ ባይኖረን ሁለት የትራፊክ መብራት አለን። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቁጥር የሰጠሁት መጻፍ ስላማረኝ ነው።

፫. አሁን ወደ ሰኔ ሃያ ስምንት፣ ወደዚያች ቅዳሜ እንለፍ። በምድባችን የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ እኛ ቻምበርሶች ከኮሜርስ ሲቲ። የምድባችን ሦስተኛ ቡድን ዳውንታውን የራሱን አራት ጨዋታዎች ጨርሶ በአምስት ነጥብ ተቀምጧል፤ እኛም አምስት ነጥብ ይዘናል። አቻ ብንወጣ ፍጻሜ ነን። ኮሜርስ ሲቲዎች በሰፊ ግብ ቢያሸንፉን እነሱ ፍጻሜ ናቸው። ጨዋታው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ እንዲሆን በእርስዎ ፊርማ ከወጣ ወር አልፎታል።

በዚያው ሳምንት ሰኞ የበረኛችን የእንዳልክ እናት ወይዘሮ አያልነሽ ደብረ ብርሃን ማረፋቸው ተሰማ። ለእኛ ተሰማ፤ ለእሱ ግን አልተነገረም። እንዳልክ የሚኖረው ከእኛ ጋር ቻምበርስ ሮድ፣ የሚሠራው ከእነሱ ጋር ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ስለሆነ ለሁለቱም ቡድን ወንድም ነው። መቼ እንደምናረዳው ልንመካከር ስንሰበሰብ፣ እንደ ወጉ ሽማግሌው እርስዎ ነበሩና ቀኑን የቆረጡት እርስዎ ነዎት። በሥራ ቀን ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ነው፣ አይሆንም አሉ። እሑድ ሰው ሁሉ ወደየቤተ ክርስቲያኑ ይበተናል አሉ። ቅዳሜ ማለዳ ይሁን፣ ቅዳሜ ሁሉም ሰው ከሥራ ነጻ ነው ብለው ጨረሱ፤ እኛም እውነት ነው አልን። ቅዳሜ ሁሉም ነጻ የሆነው ለጨዋታው ከሥራ ፈቃድ ስለጠየቀ መሆኑ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ይህ ስሕተት የጋራችን ነው፤ ለእርስዎ ብቻ አልሰጥዎትም።

አምስት ቀን ሙሉ ደበቅነው። ረቡዕ ልምምድ ላይ ሁለት ፔናልቲ አዳነ። አጨበጨብንለት። ሁለተኛውን የመታው ናታን ወደ አጥሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ እንዳልክ በመሳቱ የተናደደ መስሎት ሲያበሽቀው ዋለ።

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች የአፓርታማውን ደረጃ ወጣን። ከፊት እርስዎ በጥቁር ኮት፣ ቀጥሎ ቄሱ፣ ቀጥሎ እኛ፣ ከእኛ ኋላ ኮሜርስ ሲቲዎች። አንኳኩን። ሰው በዚያ ሰዓት በሩን ከፍቶ ያን ያህል ሕዝብ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል፤ የመርዶ ወጉ ራሱ ግማሹን ይናገራል። እንዳልክ ግን የራሱን ቡድንና የተጋጣሚውን ቡድን አንድ ላይ ደጁ ላይ ሲያይ ሳቀ። ለጨዋታው ሊወስዱኝ መጡ ብሎ ነው። አንድ ደቂቃ ብሎን ወደ ውስጥ ገባና የበረኛ ጓንቱን ይዞ ተመለሰ። ክቡር ሊቀ መንበር፣ እርስዎ የእናቱን ሞት ያረዱት ጓንቱን በእጁ እንደያዘ ነው።

ያረዱበትን አኳኋን ግን ያለ አንዳች ስላቅ አመሰግናለሁ። አልተጣደፉም። እጁን ያዙት፤ ደግፈው አስቀመጡት። ቄሱ ጸሎት አደረሱ፤ ከዚያ ኮሜርስ ሲቲዎች፣ አብዛኞቹ ጴንጤዎች ናቸውና፣ ዝግ ባለ ድምፅ ዘመሩ። ማንም ለምን አላለም። ያን ቀን ጠዋት እዚያ ቤት ውስጥ ምድብ አልነበረም።

፬. ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተነሡ። እንዳልክን እግዚአብሔር ያጽናህ ብለው ወጡ፤ እኛ መድኃኒትዎን ሊወስዱ የሄዱ መሰለን። አምስት ሰዓት ላይ ተመልሰው ያው ወንበርዎ ላይ ተቀመጡ፤ ንፍሮ ሲዞርም እንደ ሰው አነሱ። በመካከሉ የት እንደነበሩ የሰማነው ከዳውንታውን አምበል ከንዋይ ነው። ንዋይ ሜዳ የሄደው ጨዋታው መቅረቱን ያልሰማ ተመልካች ቢመጣ ሊመልስ ነበር፤ እርስዎን አራቱን የማዕዘን ባንዲራዎች ብቻዎን ሲተክሉ አገኘዎ። ልክ አራት ሰዓት ላይ ፊሽካ ነፍተው አምበሎቹን ወደ መሐል ጠሩ። የመጣ የለም። እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሙ፤ ከዚያ እንደገና ነፉና ሁለቱንም ቡድኖች ሦስት ለዜሮ ተሸናፊ ብለው መዘገቡ። አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ተሸናፊ፣ አሸናፊ የለም፤ ኦሽንያ ይህን ብትሰማ እሷ ደግሞ ከእኛ ትቀዳ ነበር። እኛ ሦስት ግብ ሲቆጠርብን ዳውንታውን በግብ ልዩነት በለጠንና አለፈ።

ንዋይ ጨዋ ልጅ ነው፣ ምናልባት አላወቁ ይሆናል ብሎ ተጠግቶ፣ ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ እንዳልክ ቤት ናቸው አለዎ።

«አውቃለሁ» አሉት፤ «እኔም ከዚያው ነው የመጣሁት።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ሳምንት አኝኬ መዋጥ አቃተኝ። ባያውቁ ኖሮ ነገሩን በቀልድ እናልፈው ነበር፤ ቀልድ እንደማይቸግረኝም ያውቃሉ። አዳልተዋል የሚል ሐሜተኛ ቢነሣ የምከራከርለት እኔ ነኝ፤ ዳውንታውን ውስጥ የእርስዎ ዘመድም ወዳጅም የለም። ምነው በሆነ። ያደላ ሰው ቢያንስ ለአንድ ሰው አዝኗል።

፭. ማክሰኞ ወረቀትዎ በወይዘሮ አበዛሽ ሱቅ በር ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ የምናገረው ትንሽ ከበድ ይላል። ከተመረቅኩ ወዲህ እዚያ በር ላይ የሚለጠፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። የሚከራይ ክፍል፣ የሚሸጥ ኮሮላ፣ የጸሎት ፕሮግራም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሰዎቹ ሲያዩኝ ዜና ደረሰ ይላሉ፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ያን ቀን አምስት ስድስት ሰው ተሰብስቦ ነበርና ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ ጀመርኩ። «ቻምበርስ ሮድ እና ኮሜርስ ሲቲ ያለ በቂ ምክንያት በሜዳ ባለመገኘታቸው...» እያልኩ፣ ነጥብ ላይ አቁሜ፣ ሰረዝ ላይ ተንፍሼ፣ ወይዘሮ ስንዱ እንዳስተማሩኝ አድርጌ እስከ ታች ወረድኩ። ሰዉ ሁሉ ዝም ሲል ባነባበቤ የተደነቀ መስሎኝ ዘወር አልኩ። እንዳልክ ከኋላዬ ቆሟል። ጥቁር ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል፤ ለለቅሶ ለሚመጣው ሰው የወረቀት ኩባያ ሊገዛ ከቤት የወጣበት የመጀመሪያ ቀኑ ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ያቺን መስመር ይድገሙልኝ» አለኝ።

መነጽሬን ረሳሁ አልኩት። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር። ክቡር ሊቀ መንበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ የማልችለውን እንደምችል ሳስመስል ኖሬያለሁ፤ የባንክ ወረቀት ገልብጬ ይዤ ራሴን የነቀነቅኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የምችለውን እንደማልችል አስመሰልኩ። እሱ ወደ ፊት አልፎ ራሱ አነበባት፤ ኩባያውን ሳይገዛ ሄደ።

፮. የተቀረው አጭር ነው። ሐሙስ ዕለት እንዳልክ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ የገባውም ኮሜርስ ሲቲዎች ምሳ ከሚበሉበት ክፍል ነው። ሁሉም ሊያጽናኑት ሲነሡ እሱ ይቅርታ ጠየቃቸው። በእኔ ምክንያት ከፍጻሜ ቀራችሁ፣ ቀን አሳልፋችሁ ብትነግሩኝ ይሻል ነበር አላቸው። እናቱን የቀበረ ሰው፣ ሲቀበሩም ያላየ ሰው፣ ተነሥቶ ይቅርታ ሲጠይቅ እዚያ የነበሩት ስምንት ጎረምሶች ምሳቸውን ትተው ወጡ። ማታውኑ ጓንቱን በፌስታል አድርጎ ለእኔ አመጣልኝ። ሌላ በረኛ ፈልጉ አለ። በእናቱ መጨረሻ ዜና ላይ ጨዋታና ግብ ተቀላቅሎበት አሁን እሷን ባሰበ ቁጥር እኛን የበደለ ይመስለዋል። ሐዘኑን እንዲህ ያደረጉበት እርስዎና እኔ ነን፤ እርስዎ በመጻፍ፣ እኔ በማንበብ።

የዳውንታውን ልጆች፣ ያለፉት እነሱ ሆነው ሳለ፣ ጨዋታው ይደገም ብለው ለምነውዎት ነበር። በኦሽንያ ለለቅሶ ተብሎ የሚደገም ጨዋታ የለም ብለው መለሱላቸው። ያንን ሁለት ገጽ ወረቀትዎን ሊዲ ከላይ እስከ ታች አየችልኝ። «ዳድ፣ እዚህ ስለ መርዶ ምንም አይልም» አለችኝ፤ «ጀስት ስለ ጎል ነው።» ልክ ናት። ሌላውን ሊቀ መንበሩ ያውቀዋል ተብሎ ነዋ። የእርስዎ ወረቀት የእንዳልክን እጅ አልያዘም፤ እርስዎ ይዘዋል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ዝም ልል ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ሌላ ሰው የምናረዳበትን ቀን ልንመርጥ ተሰብስበን ሳለ፣ አንድ የማከብረው ሰው፣ በመጀመሪያ የኮሚቴውን ፕሮግራም እንይ አለ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ቀና ስል ሌላው ሁሉ ወረቀቱን እየጠበቀ ነበር።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ዋንጫውን አልጠይቅም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ዳውንታውንና ከሌላው ምድብ ያለፈው ኮልፋክስ በሰላም ፍጻሜያቸውን ይጫወቱ። ሦስት ለዜሮውም ባለበት ይቆይ፤ እኔ ከዚህ የባሰ ተሸንፌ አውቃለሁ። የምፈልገው ሦስት ቃል እንዲሰረዝልኝ ነው። «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ይጥፋና በቦታው «በወይዘሮ አያልነሽ ዕረፍት ምክንያት» ተብሎ በእርስዎ እጅ፣ በእርስዎ ፊርማ ይጻፍ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ያንኑ ደረጃ ይውጡና ለእንዳልክ ያንብቡለት። እኔ ላነብለት አስቤ ነበር፤ ማንም ከእኔ አሳምሮ አያነብም። ነገር ግን ሲያረዱት ያመነው እርስዎን ነው፤ ጥፋተኛ አይደለህም ሲባልም የሚያምነው ከእርስዎ አፍ ሲሰማው ነው። ጓንቱን በፌስታሉ እንዳለ ይዤ ደረጃው ሥር እጠብቅዎታለሁ፤ ካልፈለገውም መልሼ እወስደዋለሁ።

ይህ የማይሆን ከሆነ ግን ለመጪው ዓመት ዕጣ ሲያወጡ የቻምበርስንና የኮሜርስ ሲቲን ስም አይድከሙበት። በአራት ቡድን የሚካሄድ ውድድር ያለበት ውቅያኖስ ይፈልጉ፤ እርስዎ አያጡትም።

በወረቀት ፊት ለማይናወጠው ጽናትዎ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ለቆሙባት ለእያንዳንዷ የአሥራ አምስቱ ደቂቃ፣ እንዲሁም የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ርእስ በነጻ ስለሰጡኝ ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ እጅ ነሥቼ፣ በሁለቱም እጄ ይህን አቀርባለሁ።

አክባሪዎ
ወልደየስ
የቻምበርስ ሮድ ቡድን መሪ፣ የምሽት ፊደል ክፍል ምሩቅ፣ በወይዘሮ አበዛሽ በር ላይ የሚወጣውን ሁሉ ካሁን ወዲያ በመጀመሪያ በልቡ የሚያነብ

ማስታወሻ፦ እግዚአብሔር ያርቀውና፣ ለእርስዎም አንድ ቀን በማለዳ በርዎን የምናንኳኳበት ጊዜ ቢመጣ፣ በእኛ በኩል ፕሮግራም አይታይም። የፍጻሜ ቀንም ቢሆን ቻምበርስም ኮሜርስ ሲቲም ዳውንታውንም ሙሉ ቡድን ሆነን እንመጣለን፤ እስከ ማታም እንቀመጣለን። በመካከሉ ተነሥቶ ፊሽካ ሊነፋ የሚሄድ ከእኛ ውስጥ አንድ ሰው አይወጣም። ይህን በጽሑፍ ያረጋገጥኩልዎ፣ በቃል የተነገረዎት ስለማይበቃዎ ነው።